እንቁላሉ ይጓዝ፣ ጫጩቱ ይቆይ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በቅርቡ በጋዜጣችሁ ስለ ቤት ውስጥ የዓሣ ገንዳ አያያዝ የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ስለ ውሃ ማጣሪያና ስለ ገንዳ እጥበት የሰጠው ምክር የሚጠቅም ነው። መጨረሻው አካባቢ አክሶሎትል ስለሚባለው የውሃ እንስሳ የሰፈረው አንቀጽ ግን እንስሳው ማሞቂያ ስለማያስፈልገው ለጀማሪ እንደሚመች፣ ጫጩቶቹም እንደ ማንኛውም የጌጥ ዓሣ በፌስታል ተቋጥረው በአውቶቡስ ሊላኩ እንደሚችሉ ይናገራል። እኔ ሐዋሳ ከተማ ውስጥ ባዮሎጂ የማስተምርና በቤቴም አክሶሎትል የማረባ ሰው ነኝ። ይህ ምክር በእኛ አየር ጠባይና በእኛ መንገድ ላይ ቢተገበር ጫጩቶቹን እንደሚጨርሳቸው ስለማውቅ ይህን ደብዳቤ እንድታትሙልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ከከተማ ወደ ከተማ መሄድ ያለበት እንቁላሉ ነው፤ የተፈለፈለው ጫጩት ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ሳይሞላ ከተፈለፈለበት ቤት መውጣት የለበትም።

በመጀመሪያ አክሶሎትል ዓሣ አይደለም። ከእንቁራሪት ጋር በአንድ መደብ የሚመደብ፣ ሳላማንደር የሚባሉት እንሽላሊት መሳይ እንስሳት ዝርያ ሲሆን፣ የተፈጥሮ መኖሪያው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ በሚገኘው የሜክሲኮ ሸለቆ ውስጥ የነበሩት የሶቺሚልኮና የቻልኮ ሐይቆች ናቸው። ቻልኮ ተፋስሶ ጠፍቷል፤ ከሶቺሚልኮም የቀሩት ቦዮች ናቸው። ሌሎች ሳላማንደሮች ሲያድጉ በውሃ ውስጥ የሚተነፍሱበትን ስንጥባቸውን ጥለው ወደ የብስ ሲወጡ፣ አክሶሎትል ግን ከአንገቱ ግራና ቀኝ የተዘረጉትን ስንጥቦቹን እንደያዘ ዕድሜውን ሙሉ ውሃ ውስጥ ይኖራል። ከሰሐራ በታች ባለው የአፍሪካ ክፍል በተፈጥሮ የሚኖር ምንም ሳላማንደር ስለሌለ፣ የሐይቅ ዳር ሰዎች የሆንነው እኛ እንኳ ስለ ቆሮሶና ስለ አምባዛ ከአባቶቻችን የወረስነው ዕውቀት ለዚህ እንስሳ አይሠራም።

ማሞቂያ አያስፈልገውም መባሉ እውነት ነው፤ ማቀዝቀዣ አያስፈልገውም ማለት ግን አይደለም። ለአክሶሎትል የሚስማማው ውሃ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሴልሺየስ የሆነ ነው። እስከ 20 ዲግሪ ድረስ ያለ ችግር ይኖራል፤ ከ24 ዲግሪ ሲያልፍ ግን የምግብ ፍላጎቱ ይቀንሳል፣ ለበሽታም ይጋለጣል። ውሃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክስጅን ያንሳል፤ የእንስሳው የኦክስጅን ፍላጎት ደግሞ በዚያው ልክ ይጨምራልና ጉዳቱ እጥፍ ነው። በሐዋሳ የበጋ ቀናት፣ በተለይም በየካቲትና በመጋቢት፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ባለው ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ትንሽ ገንዳ ከሰዓት በኋላ ከዚህ ልክ ማለፉ አይቀርም። ስለዚህ ገንዳው ፀሐይ በማይገባበትና ወለሉ ሲሚንቶ በሆነ ክፍል ይቀመጥ፤ በውሃ ተሞልተው በፍሪጅ የረጉ የሃይላንድ ጠርሙሶች እየተቀያየሩ ይግቡበት፤ ከውሃው ፊት ለፊትም ቬንትሌተር ይደረግለት። መብራት በሚጠፋባቸው ቀናት ከጎረቤት ፍሪጅ በረዶ ለማግኘት አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ ማድረግ የማይችል ሰው እንስሳውን ከወደደው በፎቶግራፍ ቢያየው ይሻላል እላለሁ።

ወደ እንቁላሉ ልምጣ። አንዲት እናት በአንድ ጊዜ ከመቶ እስከ ሺህ፣ ብዙውን ጊዜም ጥቂት መቶ እንቁላሎችን፣ አንድ በአንድ በውሃ ተክል ቅጠልና በድንጋይ ላይ ትለጥፋለች። እንቁላሉ ራሱ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በዙሪያው ያለው ዝልግልግ ሽፋን ትልቅ ያስመስለዋል። ወላጆቹ የገዛ እንቁላላቸውን የሚበሉ በመሆናቸው፣ ወይ እነርሱ ወደ ሌላ ገንዳ መዛወር አለባቸው፣ ወይም እንቁላሎቹ ከነተለጠፉበት ቅጠል ተቆርጠው መውጣት አለባቸው። እንቁላልን ከድንጋይ ላይ በጥፍር መፋቅ ሽፋኑን ይቀድደዋል፤ በቀጭን የፕላስቲክ ካርድ ከሥሩ ቀስ ብሎ ማላቀቅ ይቻላል። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለበት ሰፊ አፍ ባለው ዕቃ ቢያንስ ለ24 ሰዓት ተከፍቶ ይደር። የተጣራ የባትሪ ውሃም ሆነ የዝናብ ውሃ ማዕድን ስለሚጎድለው ብቻውን አይሆንም።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ በየቀኑ መመልከት ነው። ሕይወት ያለው እንቁላል መጀመሪያ ድቡልቡል ሆኖ ይቆይና ከቀናት በኋላ እንደ ባቄላ ፍሬ ይረዝማል፤ ቀጥሎ ራሱና ጅራቱ ይለያል፣ ስንጥቦቹ ያቆጠቁጣሉ፣ በሽፋኑ ውስጥም መገላበጥ ይጀምራል። ያልተዳቀለው ወይም የሞተው እየደበዘዘ ይሄድና ጥጥ መሳይ ሻጋታ ያወጣል፤ ሻጋታው ወደ ጎረቤቱ ሳይተላለፍ ያን እንቁላል ማውጣት ግዴታ ነው። እዚህ ላይ ጀማሪዎችን የሚያሳስት ነገር አለ። ቀለም አልባ፣ ማለትም አልቢኖ፣ የሆነች እናት የምትጥለው እንቁላል ከመነሻውም ነጭ ስለሆነ ነጭነቱ ብቻ የሞት ምልክት አይደለም። በሁለትና ሦስት ቀን ውስጥ የቅርጽ ለውጥ ማሳየት አለማሳየቱን ጠብቆ መፍረድ ይገባል። ውሃው 20 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን መፈልፈያው ሁለት ሳምንት ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ነው፤ ውሃው ሲቀዘቅዝ ይዘገያል። ይህ መዘግየት ለጉዞ ስለሚጠቅም ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

እንቁላሉን ማስፈልፈል ከባድ አይደለም። የሚከብደው የተፈለፈለውን ማብላት ነው፤ አብዛኛው ጫጩት የሚሞተውም እዚህ ላይ ነው። ሲፈለፈል 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነው ጫጩት የመጀመሪያዎቹን ሁለትና ሦስት ቀናት በሆዱ በቀረው አስኳል ይኖራል። ከዚያ በኋላ የሚበላው የሚንቀሳቀስና ሕይወት ያለው ምግብ ብቻ ነው፤ በዱቄት መልክ የሚሸጠውን የዓሣ ምግብ ምግብ መሆኑንም አያውቀውም፣ ዱቄቱም ከሥር ተከማችቶ ውሃውን ይመርዛል። በሌላው ዓለም የተለመደው ምግብ አርቴሚያ የሚባለው ጥቃቅን የጨው ውሃ ፍጥረት ነው። ደረቅ እንቁላሉ ሞቅ ባለና አየር በሚነፋበት የጨው ውሃ ውስጥ ከ24 እስከ 36 ሰዓት ባለው ጊዜ ይፈለፈላል፤ በቀጭን ጨርቅ ተጣርቶና በንጹሕ ውሃ ታጥቦ፣ ጨዉ ተወግዶ ይሰጣል። በጨው አልባ ውሃ ውስጥ አርቴሚያው በሰዓታት ውስጥ ስለሚሞት፣ የተረፈው በዚያው ቀን መወገድ አለበት።

አርቴሚያ በአገራችን እንደ ልብ የሚገኝ ዕቃ አይደለም። እኔ የምመክረው ዳፍኒያ የሚባለውን፣ በጨው አልባ ውሃ የሚኖር ጥቃቅን ፍጥረት፣ ማርባት ነው። በፀሐይ ላይ ቆይቶ አረንጓዴ በሆነ የባልዲ ውሃ ውስጥ በቀላሉ ይራባል፣ በጫጩቶቹ ገንዳ ውስጥም ሳይሞት ስለሚቆይ ውሃ አያበላሽም። ነገር ግን ባልዲው የሚፈለገውን ያህል እስኪሞላ ሳምንታት ይወስዳል፤ ስለዚህ የዳፍኒያው ባልዲ ከእንቁላሉ ቀድሞ ቤት መግባት አለበት። ከሐይቁ ዳር በመረብ ተጠልፎ የመጣ ዳፍኒያ ከውስጡ ጫጩት የሚበሉ የውኃ ነፍሳት እጮችና በሽታ ሊኖሩበት ይችላል፤ ለመነሻ ዘር የሚሆነው ከሌላ አርቢ ባልዲ ቢወሰድ ይሻላል።

ስለ ብዛቱም በግልጽ መነጋገር አለብን። ጥቂት መቶ ጫጩቶችን በየቀኑ መመገብና ውሃቸውን በየቀኑ መቀየር አንድ ቤተሰብ የሚችለው ሥራ አይደለም። ሃያ ወይም ሠላሳ እንቁላል አስቀርቶ የቀረውን በተጣለ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት፣ የነርቭ ሥርዓት ሳይፈጠርለት በፊት፣ በፍሪጅ በረዶ ቤት ማቀዝቀዝ በአርቢዎች ዘንድ የታወቀ አሠራር ነው። ይህን ስጽፍ ደስ እያለኝ አይደለም፤ ሆኖም መቶዎቹን ሁሉ አስፈልፍሎ በረሃብ ከማየት ወይም ለመገላገል ሲባል ላልተዘጋጀ ሰው ከማደል እጅግ ይሻላል። በከተማችን ጫጩቶቹ በየሰፈሩ የሚታደሉት በአብዛኛው አርቢው ስለበዙበት ነው፤ ተቀባዮቹም ልጆች ናቸው።

ጫጩቶቹ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲደርሱ የፊት እግሮቻቸው ጎልተው ይወጣሉ፤ የኋላዎቹ ቆይተው ይከተላሉ። በዚህ ዕድሜ የሚንቀሳቀስን ነገር ሁሉ ስለሚነክሱ የወንድሞቻቸውን እግርና ስንጥብ ይቆርጣሉ። አክሶሎትል የተቆረጠ አካሉን መልሶ የማብቀል ችሎታ እንዳለውና ሳይንቲስቶች ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ሲያጠኑት የኖሩት በዚህ ምክንያት ጭምር እንደሆነ ይታወቃል። ሆኖም ያበቅላል ተብሎ አይተውም፤ ቁስሉ በሞቀና በቆሸሸ ውሃ ውስጥ ሻጋታ ይይዛልና። በመጠን መለየት፣ በቀን ሁለት ጊዜ ማብላት፣ ሲቻልም እያንዳንዱን በየራሱ ትንሽ ዕቃ ማኖር ያስፈልጋል።

እንግዲህ ይህን ዕድሜ ያላለፈ ጫጩት መንገድ ቢወጣ ምን ይገጥመዋል? በአንድ ፌስታል ውስጥ አብረው የታሰሩት ይናከሳሉ፤ ለየብቻ ቢታሰሩም በየቀኑ መብላት ያለበት ጫጩት በጉዞውና በማግሥቱ ድንጋጤ ሳይበላ ይቀራል፤ አካሉ ትንሽ በመሆኑ የሙቀት ለውጥ ወዲያው ይሰማዋል። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ከ270 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን፣ መንገዱ ከሞጆ አንሥቶ በባቱና በሻሸመኔ በኩል የስምጥ ሸለቆውን ወለል ይዞ ይዘልቃል። ባለፈው በጋ ከቀትር በኋላ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ተጭነው የመጡ ጫጩቶችን አንድ ወጣት ሊያሳየኝ ቤቴ ድረስ አምጥቶ ነበር። ከመካከላቸው በሕይወት የተገኘ አልነበረም፤ ወጣቱም ገንዘቡን አጠራቅሞ ነበር የገዛቸው።

እንቁላል ይህ ሁሉ ችግር የለበትም። አይራብም፣ አይናከስም፣ ቀዝቀዝ ባለ ውሃ ውስጥም ዕድገቱን ቀነስ አድርጎ ይጠብቃል። ለጉዞ የሚሻለው ፅንሱ መርዘም ከጀመረ በኋላና ሊፈለፈል ከመቃረቡ በፊት ያለው ጊዜ ነው። በዚያን ጊዜ የሞተው ከሕያው ስለተለየ ተቀባዩ የሚቀበለውን ያውቃል፤ ምግብ ለማዘጋጀትም ጥቂት ቀናት ያገኛል። ሰፊ አፍ ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ክሎሪን በሌለበት ቀዝቃዛ ውሃ እስከ አፉ ይሞላ፤ ውሃው ሲናወጥ እንቁላሎቹን ከግድግዳው ጋር የሚያጋጫቸው ባዶ ቦታ ሲኖር ነው። ከቅጠሉ ጋር የተያያዘ እንቁላል ከነቅጠሉ ይሂድ፤ ብዙ እንቁላል በአንድ ዕቃ አይታጨቅ። ሲደርስ ደግሞ ውሃው ይቀየርለት፣ በመንገድ የሞተ ካለም ይለቀም።

ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነውንና በደንብ የሚበላውን ማጓጓዝ ግድ ከሆነ ግን አሠራሩን ልናገር። በመንገድ ላይ የሚወጣው ኩስ ወደ አሞኒያ ተለውጦ ውሃውን ስለሚመርዝ፣ ከጉዞው በፊት 24 ሰዓት ያህል ምግብ አይሰጠው። እያንዳንዱ እንስሳ በየራሱ ላስቲክ ይግባ፤ የላስቲኩ አንድ ሦስተኛ በአዲስ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ሁለት ሦስተኛው በአየር ይሞላ። አየሩ ከውጭ ይያዝ እንጂ አንዳንድ ሻጮች እንደሚያደርጉት በአፍ አይነፋበት፤ ከሳንባችን የሚወጣው አየር ኦክስጅኑ የቀነሰና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የበዛበት ነው። የላስቲኩ ማዕዘን እንስሳው ገብቶ የሚጣበቅበት ወጥመድ ስለሚሆን ሁለቱም ማዕዘኖች ተጠፍጥፈው በፕላስተር ይታሰሩ፤ በላዩም ሌላ ላስቲክ ተገልብጦ ይደረብ። ላስቲኩ በጎኑ ሲጋደም ውሃው ከአየሩ ጋር የሚገናኝበት ስፋት ስለሚጨምር ቆሞ ከሚሄድ ተጋድሞ ቢሄድ ይመረጣል።

ላስቲኮቹ የሚቀመጡበት ሣጥን ክትባትና መድኃኒት የሚመጣበት ዓይነት ወፍራም ፎም ይሁን፤ ክዳኑ ተዘግቶ ጨለማ ሲሆን እንስሳቱ ይረጋጋሉ። በረዶ የሆነ የሃይላንድ ጠርሙስ በፎጣ ወይም በጥቂት የጋዜጣ ገጾች ተጠቅልሎ ከሣጥኑ አንድ ጎን ይቀመጥ፤ ላስቲኩን ከነካ እንስሳውን በድንገት ያቀዘቅዘዋልና በመካከላቸው ካርቶን ይግባ። ጉዞው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ቢጀመር የቆላው ሙቀት ሳይበረታ መድረስ ይቻላል። ሣጥኑ ጣሪያ ላይ አይጫን፣ ከኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥም አይግባ፤ ከተሳፋሪው እግር ሥር ይሁን። ሰው ሳይኖርበት ለሹፌር አደራ ብሎ መላክን በፍጹም አልደግፍም። ሹፌሩ ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ መኪናው ለምሳ ፀሐይ ላይ ሲቆም በውስጡ የሚፈጠረው ሙቀት ምን እንደሚያደርስ የሚያውቀው ሣጥኑን ያዘጋጀው ሰው ስለሆነ ነው።

ሲደርስ ላስቲኩ ሳይከፈት በተዘጋጀው ገንዳ ላይ ለሃያ ወይም ለሠላሳ ደቂቃ ይንሳፈፍ። ቀጥሎ ተከፍቶ ከገንዳው ውሃ በየጥቂት ደቂቃው በኩባያ ይጨመርበት፤ በመጨረሻ እንስሳው ብቻ ለስላሳ በሆነ ዕቃ ተቀድቶ ወደ ገንዳው ይዛወር። ቆዳው ስስ ስለሆነ በደረቅ እጅ አይያዝ። በዚያ ዕለት አይመገብ፤ በማግሥቱ ጥቂት ይሰጠው።

የመጣበት ውሃ ወደ ገንዳው አይገለበጥ፤ ወደ ቦይም አይደፋ። ይህን ለሐዋሳ ሰዎች አጥብቄ የምናገርበት ምክንያት አለኝ። የእንቁራሪት ወገኖችን ቆዳ የሚያጠቃ ኪትሪድ የሚባል ፈንገስ በዓለም ዙሪያ ብዙ ዝርያዎችን አጥፍቷል፤ አክሶሎትል ሕመም ሳይታይበት ሊሸከመው ይችላል። ፈንገሱ በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች ባሉ እንቁራሪቶች ላይ መገኘቱ ቀድሞ ተመዝግቧል። ያ ግን አዲስ ዓይነት ከውጭ ማምጣትን ቀላል አያደርገውም፤ ከእኛ በስተምሥራቅ ባለው የባሌ ተራራ ከዓለም በሌላ ስፍራ የማይገኙ፣ ለመጥፋት የተቃረቡ እንቁራሪቶች አሉና። ሐይቃችን ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ የሚገባበት እንጂ በላዩ የሚወጣ ወንዝ የሌለው በመሆኑ፣ የገባበት ነገር በዚያው ይቀራል። ስለዚህ የጉዞው ውሃ በረኪና ተጨምሮበት ጥቂት ሰዓታት ከቆየ በኋላ ከሐይቁና ከቦይ በራቀ ደረቅ መሬት ላይ ይፍሰስ፤ ላስቲኩና የውሃ ተክሉም እንዲሁ ይታጠቡ ወይም ይቃጠሉ።

የሰለቸውን አክሶሎትል ወደ ሐይቁ መልቀቅን እንደ ርኅራኄ የሚቆጥሩ አሉ። ሶቺሚልኮ ላይ የሆነው ግን ሊያስጠነቅቃቸው ይገባል። እዚያ እንስሳውን ካመናመኑት ምክንያቶች መካከል፣ ከውሃው መበከል ጋር፣ ለምግብ ተብለው የገቡት ካርፕና ቲላፒያ እንቁላሉንና ጫጩቱን መብላታቸው ይገኝበታል፤ ያ ቲላፒያ እኛ በአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ቆሮሶ ብለን የምንገዛው ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 6,000 ገደማ ይገመት የነበረው የአክሶሎትል ቁጥር በ2014 ወደ 36 ገደማ ወርዷል። በሐዋሳ ሐይቅ የሚለቀቅ ጫጩትም ለቆሮሶና ለአምባዛ ቀለብ ይሆናል፤ የተሸከመው ፈንገስ ግን አብሮት አይበላም።

በመጨረሻ ለሻጮችና ለጋዜጣችሁ አንድ አንድ ጥያቄ አለኝ። አክሶሎትል እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ለመጥፋት የተጋለጡ ዝርያዎችን ንግድ በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ በሳይተስ፣ ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ያለ እንስሳ ነው፤ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ የስምምነቱ አባል ናት። ከውጭ የሚያስገባ ሰው ከላኪው አገር የተሰጠ ፈቃድ እንዲይዝና በእኛም በኩል የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንን አስቀድሞ እንዲጠይቅ ጽሑፋችሁ ቢጨምርበት መልካም ነው። ሻጮችም ከ5 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ ጫጩት ለሌላ ከተማ ገዢ እንዳይሸጡ፣ እንቁላል የሚሸጡም ገዢው የዳፍኒያ ባልዲውን ማዘጋጀቱን ሳያረጋግጡ እንዳያስረክቡ እለምናለሁ። የዳፍኒያ ዘር ለሚፈልግ የሐዋሳ ነዋሪ ያለ ክፍያ ለማካፈል ፈቃደኛ ነኝ፤ አድራሻዬ በዝግጅት ክፍሉ ይገኛል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የባዮሎጂ መምህር
ከሐዋሳ